መቀነቱ፣ ግድግዳውና የማሾው ድስት

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ መምህርት ነበሩ። በወጣትነታቸው ለሁለተኛ ዲግሪ ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል፤ ዮጋን የለመዱትም እዚያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ስደርስ ሰፌድ ላይ ክክ ማሾ እየለቀሙ አገኘኋቸው።

እኔ፦ እትዬ፣ ራሴን መለወጥ እፈልጋለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሣት፣ ዮጋ፣ ስኳር ማቆም፣ በወር ሁለት መጽሐፍ ማንበብ፤ ሁሉንም ስልኬ ላይ ጽፌዋለሁ። ሦስት ቀን ሳይሞላው ይፈርስብኛል።

እትዬ፦ ትከሻሽ ጆሮሽ ሥር የገባው ከመቼ ጀምሮ ነው?

እኔ፦ የምን ትከሻ?

እትዬ፦ ይኸው፣ አታውቂውም። ነይ እስቲ፣ ጫማሽን አውልቂና እዚህ ቁሚ። ክብደትሽ የት ነው ያረፈው?

እኔ፦ ተረከዜ ላይ... የግራው ላይ ብቻ።

እትዬ፦ ስንት ዓመት በአንድ እግር እንደቆምሽ እግዜር ይወቀው። አሁን የአውራ ጣትሽን ሥር፣ የትንሿን ጣት ሥር፣ ተረከዝሽንም በግራ በቀኝ መሬት አስነኪ። ጉልበትሽን አትገትሪው። ትከሻሽን ልቀቂ። ታዳሳና ይሉታል፣ የተራራ አቋቋም ማለት ነው። መምህሬ ሳምንት ሙሉ ከዚህ አላሳለፈችኝም፤ እንዴት ተናድጄባት ነበር!

እኔ፦ ባለፈው ዓመት አንድ ማሠልጠኛ ገብቼ ነበር። በሁለተኛው ቀን ‹‹የእግር ጣትሽን ንኪ›› ብለው ከኋላ ገፉኝ። ሦስት ሳምንት ወገቤን ይዤ ከረምኩ።

እትዬ፦ ልጄን! ያጎነበሰ ሰው እንዴት ይገፋል? እንኪ ይህን መቀነት። በጀርባሽ ተኚ፣ አንድ እግርሽን አንሺና መቀነቱን መርገጫሽ ላይ አጥልቂ፤ ጫፎቹን በሁለት እጅሽ ያዢ። ጉልበትሽ አልዘረጋ ካለ ይታጠፍ። ከጭንሽ በስተኋላ ሳብ ሲያደርግሽ ደህና ነው፤ ከወጋሽ ወይም መገጣጠሚያሽን ከቆረጠመሽ ግን ወዲያው ተዪው።

እኔ፦ በመቀነት ዮጋ ይሠራል እንዴ?

እትዬ፦ ፑኔ ቀበቶ ነበረን፤ እኔ መቀነት አደረግሁት። ይህን ዘዴ ያስፋፉት ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር ናቸው። የተወለዱት በፈረንጆቹ 1918 ነው፤ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ ዓለምን ባመሰበት ዓመት። በልጅነታቸው ወባ፣ ታይፎይድ፣ ሳንባ ነቀርሳ ተፈራርቀውባቸዋል። የእህታቸው ባል ክሪሽናማቻርያ ማይሶር ከተማ ወስደው ዮጋ አስጀመሯቸው፤ በ1937 ፑኔ ሄደው ማስተማር ጀመሩ። ያ በሽተኛ ልጅ 95 ዓመት ኖረ! ሕመምን ስለሚያውቁት ለደካማው ሰው ወንበር፣ ገመድ፣ ቀበቶ፣ ብርድ ልብስ አቀረቡለት። ሌላው በጭንቅላታቸው ሲቆሙ ያደንቃቸዋል፤ እኔ የማከብራቸው ለዚህ ነው።

እኔ፦ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰው ‹‹ሌላ እምነት ውስጥ ገባች›› እንዳይለኝ እፈራለሁ።

እትዬ፦ መጠየቅሽ ተገቢ ነው። ዮጋ በሕንዶች እምነት ውስጥ ነው የተወለደው፤ ያንን መደበቅ ለእነሱም ክብር መንሣት ነው። ቃሉ በሳንስክሪት ማጣመር፣ መጥመድ ማለት ነው፤ በሬ በቀንበር እንደሚጠመደው። እኔ ሥጋዬንና ሐሳቤን አጣምጄ አርስበታለሁ፤ ጸሎቴን ግን በቤተ ክርስቲያኔ አደርሳለሁ። እነሱ ሲያዜሙ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር፤ ማንም አላስገደደኝም። ልብሽ ካልፈቀደ የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

እኔ፦ እርስዎንስ ምን ለወጠዎት?

እትዬ፦ ቁጡ ነበርኩ። ተማሪ ሲረብሽ ጠመኔው እጄ ውስጥ ቀጭ ብሎ ይሰበር ነበር። ከሕንድ ከተመለስኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አንድ ቀን ልጆቹ ሲንጫጩ ትንፋሼ ደረቴ ላይ ሲታፈን ተሰማኝ። ረዘም አድርጌ አስወጣሁት። ጠመኔው ሳይሰበር ደወል ተደወለ። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም፤ እኔ ግን ያን ቀን አልረሳውም።

እኔ፦ ማሾውስ ለምንድን ነው?

እትዬ፦ ለኪችዲ። ሕንዶች ሕፃን እህል ሲጀምር፣ ሰው ሲታመም ወይም ሲደክመው የሚሠሩት ነው። አንድ ብርጭቆ ሩዝ፣ ግማሽ ብርጭቆ ክክ ማሾ። ውኃው እስኪጠራ አጥበሽ ግማሽ ሰዓት ትዘፈዝፊዋለሽ። ከዚያ ስድስት ብርጭቆ ውኃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ጨው። እሳቱን ቀንሰሽ 40 ደቂቃ ያህል ታበስይዋለሽ። ሩዝ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ማሾው ይሞላለታል። እንጀራ በሽሮ ስትበዪም እንዲሁ እህልና ጥራጥሬ ይደጋገፋሉ። ስለዚህ ሩዝ ተወደደ ብለሽ አትጨነቂ፣ ሽሮሽን ሥሪ። ቆመሽ፣ ስልክ እያየሽ መብላቱን ግን ተዪልኝ።

እኔ፦ ድስቱን ልጠብቀው?

እትዬ፦ ድስቱ ራሱን ይጠብቅ። ጋቢውን አጥፈሽ ዳሌሽ ሥር አድርጊና እግርሽን ግድግዳው ላይ ስቀዪ። የዓይን ግፊት ቢኖርብሽ ይህን አልፈቅድልሽም ነበር። በአፍንጫሽ ስታስገቢ እስከ ሦስት፣ ስታስወጪ እስከ አምስት ቁጠሪ። ትንፋሽ ስናስወጣ ልባችን ረገብ ትላለች፤ ለዚህ ነው መውጫውን የምናረዝመው።

(ዝም አልን።)

እኔ፦ እትዬ፣ የድስቱ ድምፅ ተለወጠ። ቅድም ይፍለቀለቅ ነበር፤ አሁን ቡፍ ቡፍ ይላል።

እትዬ፦ ወፍሯል ማለት ነው። ቀስ ብለሽ በጎንሽ ዙሪና ተነሺ። አሁን ቅቤ አቅልጠን ከሙኑን እንጨምራለን፤ ሲንጣጣ ዝንጅብሉን፣ ከዚያ ሁሉንም ድስቱ ላይ። የእነሱ ቅቤ ቅመም የለበትም፤ የእኛ ኮረሪማና ኮሰረት ስላለው በጥቂቱ ይበቃል። በጾም በዘይት አድርጊው።

እኔ፦ ስልኬ ላይ ያለውን ዝርዝርስ ምን ላድርገው?

እትዬ፦ ማታ ማታ ግድግዳው ጋ አሥር ደቂቃ ብቻ ይበቃሻል። አንድ ቀን ከዘለልሽ በማግሥቱ ተመለሺ፤ የቀረውን አታካክሺ። መቀነቱንም ይዘሽው ሂጂ።

እኔ፦ እሺ። እትዬ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ።

እትዬ፦ ድስቱ ከታች ነው፣ ተነሥተሽ ቅጂ። ወገብሽን አደራ፣ ከጉልበትሽ ዝቅ በይ።