ስለ ጦቢያ፤ ደስ የሚያሰኝ የፍቅር ታሪክ ምን ይጐድለዋል?

ከትምህርት ቤታችን ወጥተው ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ከሚወርዱት ተማሪዎች አንዳንዶቹ በስልካቸው የሚያነቡት ከቻይና ቋንቋ የተተረጐመ የፍቅር ታሪክ ነው። ልጅቱ የወንድ ልብስ ትለብሳለች፤ ያየ ሁሉ ይሳሳታል፤ ንጉሥ ይወዳታል፤ በመጨረሻው ሠርግ ይሆናል። ወላጆች ይህ ነገር ከየት መጣ ብለው ይገረማሉ። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጨዋታ ለአማርኛ እንግዳ አይደለምና ስለ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ።

ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በናፖሊ አማርኛ በሚያስተምሩበት ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ሮማ ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። ዛሬ ይህን የመሰለውን ድርሰት ሁሉ የምንጠራበት ስም የዚሁ መጽሐፍ አርእስት ነው። መጽሐፉ ግን ስሙን ለልጆቹ አውርሶ ራሱ በኋላ «ጦቢያ» ተባለ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ በጦርነት ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴም ለቤዛው ገንዘብ ይሰጣል። ልጁ ዋህድ የነጋዴውን ውለታ ለመክፈል ሲወጣ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። መንታ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትነሣለች፤ ከአንድ እስላም ንጉሥ አገርም ይደርሳሉ። በዚያ የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወይዘሮ ጦቢያን ወንድ መስላት ትወዳታለች። በመጨረሻው ዋህድ ይገኛል፤ ንጉሡ ክርስትና ተነሥቶ ጦቢያን ያገባል፤ ወይዘሮይቱም ዋህድን ታገባለች።

መቼም ይህን አንብቦ የማይደሰት ሰው ያለ አይመስለኝም። የቃላቱ ብዛት አንባቢውን እንደ ጎርፍ ይወስደዋል። ከሁሉ ይልቅ ግን ደስ የሚያሰኘው፣ በዚያ ዘመን በተጻፈ መጽሐፍ ወንድሟን ፍለጋ መንገድ የምትወጣው ሴት ልጅ መሆኗ ነው። የእንግሊዙ ሼክስፒር ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» በተባለው ቴአትሩ መንታ ወንድምና እኅትን፣ የወንድ ልብስ የለበሰችውን ልጅ፣ እርስዋን ወንድ መስላት የወደደችውንም እመቤት አሳይቷል። እዚያም እመቤቲቱ የምታገባው ወንድሙን ነው። እንግዲህ ይህ ተንኰል ለሮማም ለለንደንም ለቻይናም የሚሆን ነው።

ጉድለቱስ? ሰዎቹ በአጋጣሚ መገናኘታቸው የታወቀ ነውና አልዘገይበትም። የሚከብደኝ የወይዘሮይቱ ነገር ነው። የወደደችው ጦቢያን ነበር፤ ንግግሯን፣ አኳኋኗን። ሴት መሆኗ ሲታወቅ መልኩ አንድ ነው ተብሎ ወንድሙ ይሰጣታል። አንድ ልብስ ቢጠባት ሌላ እንደሚመጣላት ያህል ነው! ያዘነች፣ ያፈረች፣ የተናደደች እንደ ሆነ ማወቅ እንፈልግ ነበር፤ ሠርጉ ግን ቸኵሏል። የንጉሡም ሃይማኖት መለወጥ ከዚህ አይሻልም፤ የሰው እምነት የሠርግ ቀጠሮ እንዲደርስ ብሎ የሚጣደፍ ነገር አይደለም።

ደግሞ የባርነቱ ነገር አለ። መጽሐፉ በታተመ ጊዜ የባሪያ ንግድ በአገራችን ገና አልጠፋም ነበር፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ዋህድ ሲገኝ እፎይ ብለን መጽሐፉን እንዘጋለን፤ የምትፈልጋቸው መንታ እኅት ያልነበረቻቸው ግን በእውነተኛው ዓለም በየገበያው ይሸጡ ነበር። ደስታው ይህን እንዳናስብ ያደርገናል። የስልኩም ታሪክ በየምዕራፉ መጨረሻ «ቀጥሎስ?» ስለሚያሰኘን ወደ ኋላ ዞረን ስለ ማንም እንዳናስብ ያደርገናል።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ሰብለ ወንጌል ራሷን ለውጣ በዛብህን ፍለጋ ትወጣለች። መንገዱም ፍለጋውም የጦቢያን ይመስላል። እዚህ ግን ደግ ነጋዴ የለም፤ ንጉሥም አይራራም፤ ሰብለ በዛብህን የምታገኘው ሽፍቶች አቍስለውት ሊሞት ሲያጣጥር ነው። አጋጣሚው በጦቢያ ካለው አያንስም፤ ዳሩ ግን ደራሲው ዋጋውን ያስከፍሉናል። እኔ ይህን ሁለተኛውን መጽሐፍ ደግሜ ለማንበብ እስካሁን አልደፈርሁም። ጦቢያን ግን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።