ስለ አንበጣ ወሬ አላላክ



አንበጣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ዓመት በአገራችን 167,000 ቶን እህል ማጥፋቱ ተጽፏል፤ ይህም ከአንድ ሚሊዮን ሰው የማያንስ የዓመት ቀለብ ነው። በ2012 ዓ.ም ደግሞ ተመልሶ የአማራን ምሥራቃዊ ቈላ ወረረ። ነፋስ ሲረዳው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋም በቀን የ35,000 ሰው ምግብ ይበላል።

ግንደወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። ወረዳውን ከደቡብ ጎንደር የሚለየው የዓባይ በረሓ ለሰውና ለበቅሎ ጭንቅ መንገድ ነው፤ ለአንበጣ ግን ምንም አይደለም። ከማዶ ያየው ሹም ወሬውን በመሥሪያ ቤት ተራ ቢልክ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ዞሮ ወደ ግንደወይን ይወርዳል። በየደረጃው አንድ ፊርማ ቢጠበቅ መንጋው ከደብዳቤው ቀድሞ ጤፉ ላይ ያርፋል። ስለዚህ በዓባይ ወዲያና ወዲህ ያሉ ወረዳዎች የስልክ ቍጥር ተለዋውጠው በቀጥታ ይነጋገሩ፤ ለበላይ የሚላከው ጽሑፍ ከኋላ ይከተል። ይህን የምል ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የፈጀሁ ሰው ነኝና የጽሕፈትን ሥርዐት በመናቅ አይደለም።

የወሬው ሰዓትም ትልቅ ነገር ነው። አንበጣ ሲመሽ ያርፋል፤ በማግሥቱም ፀሓይ እስክታሞቀው ድረስ አይነሣም። መድኃኒት ረጪዎች የሚያገኙት በዚያች የማለዳ ጊዜ ነው። እንግዲህ በቀትር «አንበጣ ዐለፈ» ከሚል ወሬ ይልቅ በምሽት «እዚህ ዐደረ» የሚል ወሬ እጅግ ይበልጣል።

ወሬ ነጋሪው ቦታውን ለይቶ ይናገር። «ጊዮርጊስ አጠገብ» ቢል የትኛው ጊዮርጊስ? ቀበሌውንና ጐጡን ይጨምር። ቀለሙንም ይናገር፤ ወደ ቀይ የሚያደላው ገና ያልጐለመሰ ነው፤ ቢጫው ግን ዕንቍላል ሊጥል የደረሰ ነው፤ ዕንቍላሉም በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ክንፍ የሌለው ኵብኵባ ከታየ ሳይበር ማጥፋት ይቀላልና ሳይውል ሳያድር ይነገር። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2012 ዓ.ም ያወጣው ኢሎከስት የተባለው የስልክ መሣሪያ ቦታውን ራሱ ይመዘግባል፤ ስልኩ ያለው ሠራተኛ አስቀድሞ ይልመደው።

በቈላው ስልክ በማይሰማበት ስፍራ፣ ስልክ ወደሚሰማበት ጋራ የሚሮጥ አንድ ጐልማሳ ከነተተኪው በስም ይመደብ። ይህ ምደባ አንበጣው ከታየ በኋላ ቢጀመር ማን ይሂድ በሚል ክርክር ሌሊቱ ያልፋል።

ወሬ ወደ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ ወደ ታችም ይውረድ። መድኃኒት የሚረጭበት ቀን ለንብ አርቢው በዋዜማው ካልተነገረው ንቡ ያልቅበታል፤ ከብትም በተረጨው ሣር ላይ ይሰማራል። ንቡ ያለቀበት ገበሬ በሚመጣው ጊዜ አንበጣ ቢያይ ዝም ይላል።