ዕጢ የሚያፈርስ ድምፅ ጽንስን አይጎዳም?

በአሊዩ አምባ ለእርግዝና ክትትል የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየዋ አልትራሳውንድ እንድትነሣ ስትታዘዝ ባልየው፣ «ሲስተር፣ በድምፅ ዕጢ የሚያጠፋ መሣሪያ ወጥቷል ሲባል ሰምቻለሁ። ዕጢ የሚያፈርስ ድምፅ ልጃችንን አይጎዳብንም?» አሉኝ። ሚስትየዋም እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው መልሴን ይጠብቁ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌሎች ባለትዳሮችንም ስለሚያሳስብ መልሱን በዚህ ገጽ አቅርቤዋለሁ።

ድምፅ ምንድን ነው?

ድምፅ ንዝረት ነው። ከበሮ ሲመታ ቆዳው ይርገበገባል፤ ንዝረቱም በአየር ተሻግሮ ጆሯችን ይደርሳል። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ ያህል የሚርገበገበውን ነው። የአልትራሳውንድ ድምፅ ግን በሴኮንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ስለሚርገበገብ አይሰማንም።

ዕጢን እንዴት ያፈርሳል?

ባልየው የሰሙት እውነት ነው። ሕክምናው ሂስቶትሪፕሲ ይባላል። በአሜሪካ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዳበረ ሲሆን፣ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጉበት ዕጢ እንዲውል ፈቅዷል።

መሣሪያው ከሰውነት ውጭ ሆኖ፣ እጅግ ኃይለኛና አጫጭር የድምፅ ምቶችን ከየአቅጣጫው ወደ አንድ ነጥብ ይልካል። ከየተራራው የሚወርዱ ጅረቶች አንድ ቦታ ሲገናኙ ጎርፍ እንደሚሆኑ ሁሉ፣ ድምፁም የሚበረታው በሚገናኝበት ነጥብ ላይ ነው። በዚያ ነጥብ በሰውነት ውስጥ ያለው ጋዝ ደቃቅ አረፋ ይሆናል። አረፋዎቹ በቅጽበት እያበጡና እየከሰሙ የዕጢውን ሕዋሳት ይበጣጥሳሉ። የሚያፈርሰው መናወጡ እንጂ ሙቀት አይደለም፤ በምቶቹ መካከል ፋታ ስላለ ሙቀቱ አይጠራቀምም። ፍርስራሹን ሰውነት ቀስ በቀስ ያስወግደዋል።

ሌላም ሙከራ አለ። ሁለት የክራር ጅማቶች በአንድ ቃና ከተቃኙ፣ አንዱ ሲመታ ሌላውም ይርገበገባል። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎችም ለካንሰር ሕዋስ የሚስማማውን ንዝረት በመፈለግ፣ ጤነኛውን በአብዛኛው ሳይነኩ ካንሰሩን መግደል እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2020 አሳይተዋል። ይህ ግን የላቦራቶሪ ሙከራ እንጂ በሰው ላይ የተሠራ ሕክምና አልነበረም።

ለጽንሱስ?

ልዩነቱ ኃይሉ ላይ ነው። ጠብታም ጎርፍም ውኃ ናቸው፤ ጠብታ ግን ቤት አያፈርስም። የምርመራው ድምፅ ደካማ ነው። ጽንሱን ነክቶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል፤ ማሽኑም ከዚያ ምስል ይሠራል። እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም። በሠለጠነ ባለሙያ ለሕክምና ጉዳይ ሲሠራ ጽንስን እንደሚጎዳ የተረጋገጠ ነገር የለም። ቢሆንም እንዲያው ልጁን ለማየት ተብሎ መደጋገም አያስፈልግም።

የዓለም የጤና ድርጅት እርግዝናው 24 ሳምንት ሳይሞላው አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ መነሣትን ይመክራል። በዚህም የእርግዝናው ዕድሜ ይታወቃል፤ መንታ ካለም ይለያል። በማኅፀን ላይ ዕጢ ቢታይ አትደንግጡ፤ አብዛኛው ካንሰር አይደለም።

ይህ ምርመራ ግን የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራን አይተካም። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆነ እናቶች ይህንን ለብቻው ጠይቁ። ኤች አይ ቪ በደማችሁ ካለ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ካንሰር የሚሆነው ቁስል በጊዜ ከተገኘ ቀላል በሆነ ሕክምና ይወገዳል።

ባልየው ይህን ከሰሙ በኋላ ሚስታቸውን ራሳቸው ይዘው ሄዱ። ምርመራው መንታ መሆኑን ስላሳየ፣ ወሊዱ በሆስፒታል እንዲሆን አስቀድመው ተዘጋጁ። እናንተም የሰማችሁት ነገር ሲያሳስባችሁ ምርመራውን አትተዉ፤ ሁለታችሁም ቀርባችሁ ጠይቁን።