ጾም በቤተሰብ፤ ልጆች፣ እንስሳትና የዘመድ እንግዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ጾም ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ምግቡና ስለ ስግደቱ ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከ55ቱ ቀናት ብዙውን ሰዓት የምናሳልፈው በቤታችን ነው፤ ከልጆቻችን፣ ከእንስሳቶቻችን፣ ከእጅ ሥራችንና ደጃችንን ከሚያንኳኳው ዘመድ ጋር። አስቀድሶ የተመለሰ አባት በር ላይ ልጁን በጥፊ ቢማታ፣ ስግደቷን የጨረሰች እናት የእህቷን ልጅ በስድብ ብታደርቃት፣ ጾሙ የት ደረሰ? ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የወቀሳቸው ሰዎችም እኮ ይጾሙ ነበር፤ ያጡት ምግብ መተውን ሳይሆን ምሕረትን ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ጾማችንን ከቤታችን ደጃፍ ጀምረን እንመርምር። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው በአሶሳና በአካባቢው ካለው ኑሮ ነው፤ ሌላ አገር ያላችሁም የራሳችሁን ቤት ታገኙበታላችሁ።

ሀ/ የነነዌ ሕፃናትና እንስሳት

ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሦስቱን የነነዌ ቀናት እንጾማለን። በነነዌ የጾመው ንጉሡና ሕዝቡ ብቻ አልነበረም፤ አዋጁ ከብቶችንና በጎችንም ይጨምር ነበር (ዮናስ 3፥7)። በመጽሐፉ መጨረሻም እግዚአብሔር ለከተማይቱ የራራበትን ምክንያት ለዮናስ ሲነግረው ቀኝና ግራቸውን ያልለዩትን ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች አስታውሶ እንስሳቱንም ሳይተው ይቆጥራቸዋል (ዮናስ 4፥11)።

ታዲያ ልጅ ይህን ሰምቶ «ውሻችንም ይጾማል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አትሳቁበት። መልሱ ቀላል ነው። እንስሳ ኃጢአት የለበትም፤ የነነዌ ሰዎች እንስሳቱን ያስጾሙት ንስሐቸው የመላው ቤት ስለ ነበር ነው። ቤተ ክርስቲያን ዛሬ እንስሳ እንዲጾም አታዝም፤ እኛ ግን እንድንራራ ታዘናለች። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚያስብ ጠቢቡ ሰሎሞን ተናግሯል (ምሳ. 12፥10)። በመጽሐፈ ጦቢትም ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻው አብሮት እንደ ሄደ ተጽፏል። በዚያ ቅዱስ ጉዞ ውስጥ ለውሻም ቦታ ነበረው ማለት ነው።

ዐቢይ ጾም የሚውልበት ጊዜ በአሶሳ አካባቢ የበጋው ሐሩር የሚጠናበት ነው። ሣሩ ደርቋል፣ ውኃው ርቋል። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በፈቃዳችን እንጠማለን፤ የታሰረች ፍየልና የተጫነ አህያ ግን ያለ ፈቃዳቸው ነው የሚጠሙት። ስለዚህ ልጃችሁን ጠዋት ጸሎት ካደረሰ በኋላ መጀመሪያ ለእንስሳቱ ውኃ እንዲያቀርብ አስለምዱት። በጾሙ የማይበላው እንቁላል ለምትታቀፈው ዶሮ ይሁን፤ ወተቱም ለጨቅላ ሕፃናትና ለግልገሏ ይትረፍ። እኛ የተውነው ነገር ሌላውን ሲያጠግብ ልጁ ያያል። «መጾም ለሌላ መተው ነው» የሚለውን ትምህርት ከዚህ በላይ የሚያስረዳው የለም።

ለ/ ልጆችን ስናስጾም

በአባቶቻችን ትምህርት ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ጾም ይለማመዳል። ይለማመዳል ማለት ግን በአንድ ቀን እንደ ትልቅ ሰው ይሆናል ማለት አይደለም። መጀመሪያ የፍስክ ምግብ ይተዋል፤ ቀጥሎ ቁርሱን ጥቂት ያዘገያል፤ እያደገ ሲሄድ ሰዓቱም አብሮት ያድጋል። የታመመ ልጅ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ነገሩን ለንስሐ አባታቸው ነግረው በምክራቸው ይሂዱ።

የአሶሳ ማንጎ የሚበስለው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ወራት ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከዛፉ ሥር የወደቀ ማንጎ ያገኛል፤ ሰዓቱ ገና ነው፤ ይበላል፤ አፉን ጠርጎ ይገባል። «በላህ?» ስትሉት «አልበላሁም» ይላል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ዱላ ካነሳችሁ ልጁ በሚቀጥለው ቀን መብላቱን አይተውም፤ መደበቁን ያሻሽላል እንጂ። ጾም ልናስተምር ተነሥተን ውሸት አስተማርን ማለት ነው። ይልቅ አጠገባችሁ አስቀምጡና «እኔም ይርበኛል፤ ነገ አብረን እንሞክር» በሉት። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡና ልባቸው እንዳይዝል ያሳሰበው ለዚህ ነው (ቈላ. 3፥21)።

ሌላም አለ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝብ ሲሶው ያህል ኦርቶዶክሳዊ፣ 45 በመቶ ያህሉ ደግሞ ሙስሊም ነበር። ስለዚህ የልጃችሁ የጨዋታ ጓደኛ የሙስሊም ጎረቤት ልጅ ቢሆን የሚገርም አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ሲገባ ረመዳን ደግሞ በዚያው ሳምንት የካቲት 22 ገብቷል፤ በአንድ ግቢ ሁለት ቤት ይጾም ነበር። ልጃችሁ «የእነሱ ለምን ከእኛ ተለየ?» ሲላችሁ የራሳችሁን ሃይማኖት በፍቅር አስተምሩት እንጂ በጎረቤት ላይ በማፌዝ አታስተምሩት። እምነቱን በሚገባ ያወቀ ልጅ ለማክበር አይቸገርም።

ሐ/ ገብር ኄርና የእጅ ሥራ

ስድስተኛው የዐቢይ ጾም ሳምንት ገብር ኄር ይባላል። ወንጌሉ ስለ መክሊቱ ነው (ማቴ. 25፥14-30)። መክሊት ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ስብከትና ዜማ ብቻ ነው። የእጅ ሙያስ? ነቢዩን ሳሙኤልን የወለደችው ሐና በየዓመቱ ትንሽ ልብስ ሠርታ ወደ መቅደስ ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። ጣቢታ ስታርፍ መበለቶቹ እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነበር (ሐዋ. 9፥39)። ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር (ሐዋ. 18፥3)።

አሶሳ የቀርከሃ አገር ነው። አጥሩ፣ ቅርጫቱ፣ ወንበሩ፣ አልጋው፣ የቤቱ ግድግዳ ሳይቀር ከቀርከሃ ይሠራል። ቤርታዎች በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው፤ ከሌላ አካባቢ መጥተው የሰፈሩትም ከእነርሱ ጋር ኖረው ተምረዋል። እናቶች ደግሞ ከየአገራቸው ይዘውት የመጡት የስፌት ሙያ አላቸው፤ በቤተልሔም ለመሥዋዕት የሚዘጋጀው ኅብስት የሚቀመጥበት መሶበ ወርቅም እኮ የስፌት ሥራ ነው።

በጾም ቀን ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ለልጅ ይረዝማል። ቴሌቪዥኑና ስልኩ ሰዓቱን ይገድሉለታል፤ ልቡን ግን ባዶ ይተውታል። አባት ሆይ፣ ቀርከሃውን ሰንጥቀህ ስጠውና ቅርጫት አስጀምረው፤ ስለቱን አንተ ያዝ፣ ሽመናውን ለእርሱ ተው። እናት ሆይ፣ ሴት ልጅሽን ብቻ አይደለም፣ ወንዱንም አጠገብሽ አስቀምጪውና ሰፌድ እንዴት እንደሚጀመር አሳዪው። እጅ ሲሠራ አፍ ይከፈታል፤ ልጆች በሌላ ጊዜ የማይነግሩንን የሚነግሩን እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ቅርጫቱ ሲያልቅ ተሸጦ ገንዘቡ ለአንድ ችግረኛ ይሰጥ፤ ልጁ ራሱ በእጁ ይስጥ።

መ/ የዘመድ እንግዳ

አሶሳ ከአዲስ አበባ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በተለይ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ከወሎ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች በዙሪያዋ ሰፍረዋል፤ መንደሮቹ ዛሬም «አምባ» እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ። ስለዚህ እዚህ ዘመድ ሲመጣ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ለአንድ ምሳ አይደለም። ከዚህም ሌላ ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. በካማሺና በመተከል ዞኖች በደረሰው ግጭትና ግድያ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ሲፈናቀሉ ዘመድ ቤት የተጠጉ ነበሩ። ሳይጠራ የመጣ፣ መቼ እንደሚሄድም የማያውቅ እንግዳ ማለት ይህ ነው።

እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ወደ ዘመዷ ኤልሳቤጥ ሄዳ ሦስት ወር ያህል ተቀምጣለች (ሉቃ. 1፥39-56)። ኤልሳቤጥ በደስታ ተቀበለቻት፤ በማኅፀኗ ያለው ፅንስም ዘለለ። የዘመድ መምጣት በረከት የሆነው በቤቱ ስፋት አልነበረም፤ በአቀባበሉ ነው። በአራተኛው ሳምንት የምናስበው መፃጉዕም 38 ዓመት ሲተኛ የከበደው በሽታው ብቻ ሳይሆን የሚያነሣው ሰው ማጣቱ ነበር (ዮሐ. 5፥5-7)።

በእንግዳ ነገር ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው «ጾም ላይ ነን» ብሎ በር መዝጋት ነው። ኢሳይያስ በዚያው ምዕራፍ እውነተኛ ጾም ለተራበ እንጀራን መቁረስ፣ ቤት የሌለውን ማስገባትና ከሥጋ ዘመድ አለመሸሸግ እንደሆነ ያስተምራል (ኢሳ. 58፥7)። ሁለተኛው «ሽሮ ባቀርብ ምን ይሉኛል?» ብሎ መበደር ወይም ጾሙን መሻር ነው። በሽሮና በተልባ፣ በኑግና በሰሊጥ፣ በባምያ ወጥ በቀረበ የማሽላ ገንፎ የከበረ እንግዳ ተዋረደ ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል? እንግዳን የሚያሳፍረው የአስተናጋጁ የጠቆረ ፊት ነው።

ነገር ግን ከሁለቱም የሚከፋ ሦስተኛ አለ፤ እርሱም በሌላ ሰው ድካም ደግ መባል ነው። ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረውን ምሳሌ አስታውሱ (2ኛ ሳሙ. 12፥1-7)። ድሀው አንዲት በግ ነበረችው፤ ከልጆቹ ጋር አደገች፣ ከጉርሻው በላች፣ በብብቱ ተኛች። ለባለጠጋው እንግዳ ሲመጣበት ከራሱ መንጋ መውሰድ ሳስቶ የድሀውን በግ አረደ። እንግዳው ጠገበ፤ ባለጠጋውም ቸር ተባለ። ዋጋውን ግን የከፈለው ሌላ ሰው ነው።

ይህ በቤታችን የለም? ባል እንግዳ ጋብዞ ይጫወታል፤ ሚስት ጾሟን ውላ እስከ እኩለ ሌሊት ምጣድ ላይ ትቆማለች። ሕፃኑ ያሳደጋት ግልገል ለፋሲካ ትታረድ ይባላል፤ ለሕፃኑ የሚነግረው የለም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ «ትምህርት ላስተምርሽ» ተብላ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ ናት። የቤቱ ልጆች ሲያጠኑ እርሷ ውኃ ትቀዳለች፤ እነርሱ ሲተኙ እርሷ ዕቃ ታጥባለች፤ የክፍል ውጤቷ ሲወርድ «ሰነፍ» ትባላለች። ለጎረቤት ግን «የወንድሜን ልጅ እያስተማርኩ ነው» ይባላል። ኢሳይያስ በጾማቸው ቀን የሚሠሩላቸውን ስለሚያስጨንቁ ሰዎች የተናገረው ይህንኑ ነው (ኢሳ. 58፥3)። ይህች ልጅ የድሀው በግ ናት። ዳዊት በባለጠጋው ላይ ሲቆጣ የራሱን ፍርድ እየፈረደ እንደነበር አላወቀም ነበር፤ እኛስ?

ሠ/ በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?

1. የቤት ሥራውን በወረቀት ጽፋችሁ ለሁሉ አካፍሉ፤ ለአባትም፣ ለወንድ ልጅም ይድረስ። የዘመድ ልጅ ድርሻ ከቤቱ ልጆች ድርሻ አይብለጥ።

2. የዘመድ ልጅ በቤታችሁ ካለች ዛሬ ማታ ደብተሯን አይታችሁ «ምን ጎደለሽ?» በሏት፤ መልሷን ሳትቆጡ ስሙ። የጥናት ሰዓቷም እንደ ልጆቻችሁ የተጠበቀ ይሁን።

3. እንግዳ ከመጥራታችሁ በፊት ከሚያበስለው ሰው ጋር ተማከሩ። እንግዳም የሆናችሁ እንደሆነ ቡና መውቀጥ፣ ልጅ መያዝ አይክበዳችሁ።

4. ተጠግቶ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ በምግብ ሰዓት ስሙን ጠርታችሁ ወደ መሶቡ አቅርቡት፤ ሳይጠራ የሚቀርብ ሰው ሳይጠግብ ይነሣል።

5. ከጾሙ የተረፈውን ወጪ በአንድ ዕቃ አጠራቅማችሁ ልጆቹ ባሉበት ለነዳያን ስጡ።

ለቤተሰብ ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

• በቤታችን ከሁሉ በኋላ የሚበላውና ከሁሉ በኋላ የሚተኛው ማን ነው? ለምን?

• ልጆቻችን ጾም ሲገባ ደስ ይላቸዋል ወይስ ይፈራሉ? የሚፈሩ ከሆነ የሚፈሩት ረኀቡን ነው ወይስ የእኛን ቁጣ?

• በጾም ምክንያት ሳንጠይቀው የቀረን ዘመድ አለ?

የተወደዳችሁ ሆይ፣ ስለ ጾማችን ቤተሰባችን ቢጠየቅ የቤቱ ትንሽ ሰው ምን ይመሰክር ይሆን? ምስክርነቱን ከዛሬ ጀምረን ማሳመር እንችላለን፤ ጊዜው ገና አላለፈም። ሕፃናቱንና እንስሳቱን ቆጥሮ ለነነዌ የራራ አምላክ ቤታችንን ይጎብኝልን፤ ጾሙን የፍቅርና የበረከት ያድርግልን፤ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።