ብሎኑን ሳትፈታ ብር አትቁጠር

ቆይ፣ ስልኩን አስቀምጠው። ጎንደር ደውለህ የአዲሱን ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ይሄኛው ምን እንደሆነ እንየው። የእቁቡ እጣ ስለወጣልህ እጅህን እየበላህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ብር ኪስ ሲገባ ቤት ያለ ዕቃ ሁሉ ያረጀ ይመስላል። «እትዬ፣ መጋዙ ሞቷል» አልከኝ። ማን መረመረው? ገመዱን ስበህ ስበህ እምቢ ስላለህ ብቻ ነው? ሞተር መጋዝ እምቢ የሚልበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አዲስ የሚያስገዛው ግን ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ነው።

መጀመሪያ ማጥፊያውን ዝጋ። ካንዴላው በደንብ መጥበቁን እይ። አሁን የገመዱን እጀታ ይዘህ ማሽኑን ከመሬት ከፍ አድርገው። ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እየተያዘና እየለቀቀ፣ ቀስ እያለ ከወረደ ኮምፕሬሽን አለው። እንዲህ ከሆነ ስለ አዲስ ማሽን ወሬው ይቁም። ገመዱ ያለ ምንም ትግል ሸርተት ብሎ ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱን እመጣበታለሁ።

ኮምፕሬሽን ካለ የምትፈልገው ነዳጅና እሳት ነው። ካንዴላውን ፍታው፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ አጽዳው ወይም ቀይረው፣ ከማሽኑ ሁሉ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው። ከነዳጅ ጋኑ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ፊልትሮ በሽቦ ጎትተህ አውጣት። ከዚያ ካርብሬተሩን ክፈት፤ ውስጡ ያለችው ስስ ጎማ ደርቃ ከተኮማተረች ነዳጅ አትስብም። ይሄ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የምትሞላውን ቤንዚንም ልብ በል። ማደያ ላይ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ትገዛለህ፤ ሃይላንዱ ውስጥ ቤንዚኑ ብቻውን ይሁን ከምን ጋር ይሁን ሻጩም አያውቀው ይሆናል። ለመኪና የማይገድ ነገር ይህቺን ትንሽ ካርብሬተር ይደፍናታል። ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ክረምቱን ሙሉ ጋኑ ውስጥ የከረመውንም ድፋው።

አሁን ገመዱ ሸርተት ካለብህ፣ ማርሚታውን ፍታ፤ ሁለት ሦስት ብሎን ነው። በቀዳዳው ፒስቶኑ ይታይሃል፣ በባትሪ አብራበት። ጎኑ ልስልስ ብሎ ከታየህ ፒስቶኑ ደህና ነው፤ ምናልባት ፋሻው አልቋል ወይም ጓርኒሲዮኑ ያስተነፍሳል። ከላይ ወደ ታች የተቧጨረ መስመር ካየህ ግን ተቃጥሏል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቶሎ ይዘጋውና ወደ ሱቅ ይሮጣል። አንተ ቆም በል፤ ጭረቱ የት እንዳለ ማየት አለብህ። ዙሪያውን ከሆነ ዘይት ሳይቀላቀል ወይም አንሶ ሠርቷል። በማርሚታው በኩል ብቻ ከሆነ ነዳጁ ስስ ሆኖበት ከመጠን በላይ ሞቋል። በካርብሬተሩ በኩል ከሆነ ደግሞ የአየር ፊልትሮው ተቀዶ አቧራና የእንጨት ብናኝ ገብቷል። የመጣበትን ሳታውቅ አዲስ ብትገዛ አዲሱንም በዚያው መንገድ ትገድለዋለህ፤ ሥራህ ያው፣ ዘይትህ ያው፣ እጅህ ያው።

መተማ ወርደህ የሠራህበትን ጊዜ አስታውስ። ጣና ራሱ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የእኛ ማክሰኝት ደግሞ ከጣና ከፍ ትላለች። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ማሽኑ ነዳጅ ይበዛበትና ያጨሳል፤ አንተም ኤች የሚል ፊደል ያለባትን ብሎን ትንሽ አጥብቀህ ነዳጁን ትቀንሳለህ። እሰየው፣ እዚህ ልክ ነው። መተማ ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወፍራም አየር ገባ፣ ነዳጁ እንደተቀነሰ ቀረ፣ ሙቀቱም የቆላ ሙቀት። ማሽኑ ቀጭን ድምፅ እያወጣ ከወትሮው ይበልጥ ይፈጥንልሃል፤ «አቤት ጉልበት!» እያልክ ፒስቶኑን ታቃጥላለህ። ቆላ ስትወርድ ብሎኑን መልሰህ ላላ አድርገው። ይህን ያህል ነው።

የዘይቱንም ነገር ልንገርህ፣ በዓይን ግምት ነው የምትቀላቅለው። ጥሩ የሁለት ምት ዘይት ከሆነ 1 ለ 50 ነው፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር። ተራ ዘይት ከሆነ 1 ለ 25፣ ማለትም 40 ሚሊ ሊትር። የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም። የልጅ ሽሮፕ መድኃኒት ሲገዛ አብሮት የሚመጣውን መስፈሪያ ወስደህ ለዚሁ አድርገው፤ አጥበህ ግን እንዳትመልሰው!

እንግዲህ ፒስቶኑ ተቃጥሏል እንበል። የሞተር ሳይክል ሲሊንደር ቢሆን ቶርኖ ቤት ወስደህ ታሰፋው ነበር። የመጋዝ ሲሊንደር ግን ውስጡ በስስ ጠንካራ ብረት የተለበጠ ነው፣ ስለማይሰፋ ከነፒስቶኑ ይቀየራል። ከመቀየርህ በፊት ኮሎውን ያዝና ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቀው። ከተነቃነቀ ኩሽኔታውም ሄዷል፤ ያኔ ጥገናው ከላይ እስከ ታች ይሆናል።

«ጥገናው የአዲሱን ግማሽ ካለፈ ጣለው» የሚሉህን አትስማ። ይህ ሒሳብ የሜካኒክ ሰዓት ውድ፣ ማሽኑ ርካሽ በሆነበት አገር የወጣ ነው። እኛ ዘንድ የእጅ ዋጋ ትንሽ ነው፤ ውዱ ከውጭ የሚገባው ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ስለዚህ መጋዝህን ስትገዛ የከፈልከውን ብር እርሳው፤ ዛሬ እሱን ለመተካት የሚያስወጣህን አስብ። ደብተሩን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የእኔን ልንገርህ፦ ያበላሸው ነገር ታውቆ ከሆነ የአዲሱን ሁለት ሦስተኛ ቢያስወጣም አስጠግነዋለሁ። ምክንያቱ ካልታወቀ ግን ለጥገናውም ለአዲሱም አንድ ብር አላወጣም።

ይሄ የሁለት ሦስተኛ ሒሳብ የሚሠራው ግን ለጥሩ ማሽን ነው። 52 ወይም 58 ተብሎ የሚሸጠው የቻይናው ዓይነት ከሆነ መለዋወጫው እርስ በርሱ ስለሚገጥም በየቦታው ይገኛል። ሲሊንደርና ፒስቶን ብቻ ከፈለገ ቀይርለት፤ ኮሎውና ኩሽኔታው ከሄደ ግን አትድከም። አትጣለው ታዲያ፤ ካርብሬተሩ፣ ቦቢናው፣ ፍሪሲዮኑ ለሚቀጥለው ይሆናል። ኦሪጅናል ስቲል ወይም ሁስክቫርና ከሆነ ደግሞ በርካሽ የተሸጠልህን ፎርጂድ ሲሊንደር አትግጠምበት። ገበያው ላይ ብርቱካናማና ነጭ የተቀባ ሁሉ ስቲል አይደለም። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከወረደ፣ ሻጩም ደረሰኝ ስትለው ካንገራገረ፣ እያመሰገንክ ውጣ።

ከስሙ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ነው። ጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጠዋት ሄደህ ማታ ትመለሳለህ። ባሕር ዳር ሩቅ ነው፣ ከመርካቶ ይላክልኝ ካልክ ደግሞ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ማንም አይነግርህም። ያ ሁሉ ቀን ባለ ኢሱዙው አንተን ቆሞ አይጠብቅም፣ ግንዱን ከሌላ ይጭናል። ስለዚህ የተበላሸውን ዕቃ ራሱን በፌስታል ይዘህ ሂድ፤ በቃል ብትነግራቸው የማይገጥም ይሰጡሃል። መለዋወጫው እስኪመጣ የጎረቤትን መጋዝ በቀን ሒሳብ ተከራይ፤ አጠናና ማገሩን ደግሞ ድሮም በመጥረቢያ ነው የምትቆርጠው፣ ለሱ መጋዝ አያስፈልግህም።

ብር የማልቆጥርበት ነገር አለ። ፊት ለፊት ያለው የፍሬን መያዣ ተሰብሮ በሽቦ አስረኸዋል፣ አይቼዋለሁ። የመሪው ብረት ጫፍ እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ፊትህ ይዘላል፤ ሰንሰለቱን በዚያች ቅጽበት የሚያቆመው ያ ፍሬን ብቻ ነው። ጋዙን ለቀህም ሰንሰለቱ የሚዞር ከሆነ የፍሪሲዮኑ ሞላ ተበጥሷል ወይም የዝግታ ዙሩ በዝቷል። ይህ ሳይስተካከል እንጨት አትነካም፣ ስድስት ልጅ ይበላበታል ብትለኝም አልሰማህም። ለዚህ ማሽን የፍሬኑ ዕቃ ከየትም ካልተገኘ፣ ሞተሩ እንደ ሰዓት ቢሠራ እንኳ ለመለዋወጫ ብቻ ይቀመጥ። ያኔ አዲስ ግዛ፣ እኔው ራሴ አብሬህ እሄዳለሁ።

ከገዛህም ትልቁን አትመልከት። ጓደኛህ 72 ሲሲ ስለያዘ አንተም 72 አያስፈልግህም። የምትቆርጠው ባሕር ዛፍ ነው፤ ትልቅ መጋዝ ቤንዚን ይጠጣል፣ ወገብ ይቆርጣል። ደግሞ ትልቅ መጋዝ ያለው ሰው ለትልቅ ዛፍ ይጠራል፤ ነገ አንዱ ማታ መጥቶ በድብቅ ስለሚቆረጥ አንድ ዋንዛ ያወራሃል። እኔ በዚያ ነገር ውስጥ የለሁበትም፤ አንተም አትግባ።

እና ኮምፕሬሽን ካለው፣ ማርሚታውን ከፍተህም ፒስቶኑ ልስልስ ሆኖ ካገኘኸው፣ ካርብሬተሩን አሳጥበህ ከእጣው ብር ላይ ሁለት ሰንሰለትና አንድ ክብ ሞረድ ግዛ። ሞረዱ ለሰንሰለትህ ጥርስ ልክ ይሁን፣ ያረጀውን ሰንሰለት ይዘህ ሂድና አስለካው። የቀረውን ለእኔ ስጠኝ፤ የሚቀጥለው የእቁብ መዋጮ እንደሁ አይቀርም።