ለአሮጌ መኪና ትክክለኛውን ቱቦ መምረጥ

በዚህ ዕትም ለመካኒክነት ተማሪዎችና ለሾፌሮች የሚሆን ትምህርት እናቀርባለን። ምሳሌ የምናደርገው እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተሠራውን ላንድሮቨር ሲሪስ 3 ነው። የዚህ መኪና ብረት ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ጎማ ግን ባይሠራበትም ያረጃል። ከካኩማ ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ በረሃ መካከል ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ ተሳፋሪ ሁሉ ይቸገራል። ዋናው ቁም ነገር፣ መልኩ ቢመሳሰልም ቱቦ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው።

1. የራዲያተር ቱቦ
ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. ከሚባል ጎማ ነው። ይህ ጎማ ሙቀትና ውሃ ይችላል፤ ዘይትና ቤንዚን ግን ያሳብጡታል። ጠማማ ሆኖ በተሠራው ቱቦ ፋንታ ቀጥ ያለውን አጥፈን ብናስገባ፣ በታጠፈበት ላይ ተጨምድዶ ውሃ ይከለክላል። የታችኛው ቱቦ ውሃ ወደ ፓምፑ የሚሳብበት ስለሆነ፣ ከላላ ሞተሩ ሲፈጥን ይጣበቃል። ራዲያተሩ ሙሉ ሆኖ ሞተሩ የሚፈላበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በውስጡ የሽቦ ጥቅልል ካለ አይጣል።

2. የቤንዚን ቱቦ
ቤንዚን የሚችል ጎማ፣ ለምሳሌ ናይትራይል፣ ያስፈልገዋል። የውሃ ቱቦ በዚህ ቦታ ቢገባ አብጦ ይለሰልሳል፤ ከዚያም ያፈሳል። የፈሰሰው ቤንዚን የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ካረፈ እሳት ነው። ካርቡራተር ላለው ሞተር ኤስ.ኤ.ኢ. 30 አር 7 የሚል ጽሑፍ ያለበትን እንምረጥ። ፎልክስዋገን ቢትል ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የራዲያተር ቱቦ የለውም፤ የቤንዚን ቱቦው ግን ከሞተሩ አጠገብ ስለሆነ ይህ ምክር እሱንም ይመለከታል። ስንጥቅ የታየበት ቱቦ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬውኑ ይለወጥ።

3. የፍሬን ቱቦ
በዚህ ላይ ምትክ ፈጠራ ፈጽሞ አይቻልም። ፍሬን ሲረገጥ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ፣ ተቆርጦ በማሰሪያ የታሰረ ቱቦ ይፈናቀላል። ጫፎቹ በፋብሪካ የተገጠሙለትን ለዚያው መኪና የተሠራ ቱቦ ብቻ እንግዛ። የግራና የቀኙን አብረን እንለውጥ። ከገጠምን በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ወዲያና ወዲህ አዙረን፣ ቱቦው እንዳይወጠርና ጎማ እንዳይነካ እንይ።

አለካክ
አሮጌውን ቱቦ ለናሙና ይዘን ወደ ሱቅ እንሂድ። የሚለካው የውስጡ ስፋት እንጂ የውጩ አይደለም። የአሮጌው ጫፍ ስለሚሰፋ፣ ቱቦው የሚገባበትን የብረት አፍ መለካት ይበልጥ ያስተማምናል። ማሰሪያውን ከልክ በላይ ብናጠብቅ ጎማውን ይቆርጠዋል። ሥራው ሁሉ ሞተር ቀዝቅዞ ይሁን፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን ቢከፈት ፊት ያቃጥላል።

መልመጃ
ሀ. የውሃ ቱቦ ለቤንዚን የማይሆነው ለምንድን ነው?
ለ. የታችኛው የራዲያተር ቱቦ ሲላላ ምን ይደርሳል?
ሐ. የፍሬን ቱቦ ተቆርጦ የማይቀጠለው ለምንድን ነው?