ሥራን በካርድ ዘርግቶ ማየት

አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚያልፍበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ በሥዕል ማሳየት ለባለሙያዎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ይሁንና መንገዱን አብልጠው የሚያውቁት በየቀኑ የሚመላለሱበት ሰዎች ናቸው። ዛሬ የምንመለከተው ለእነርሱ የሚስማማውን የማስተማሪያ ዘዴ ነው።

አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ፍራንክና ሊሊያን ጊልብሬዝ የሥራ ሂደት ሥዕልን ለአገራቸው የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ያቀረቡት በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። ከጊዜ በኋላ ምልክቶቹ እየበዙ ሄደው ላልተማረ ሰው አስቸጋሪ ሆኑ። በጀርመን ፖትስዳም የሚገኘው የሐሶ ፕላትነር ተቋም ተመራማሪዎች ግን በአራት ቅርጾች ብቻ ወስነው በእጅ የሚያዙ የፕላስቲክ ቁራጮች አደረጓቸው። ሠራተኛው ይጽፍባቸዋል፤ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራቸዋል፤ ስሕተት ሲያይ ያነሣቸዋል።

ለእኛ ካርቶንና ክር ይበቃል። በመጀመሪያ ሁሉም የሚያውቀው ሥራ ይመረጥ፤ ለምሳሌ ቡና ማፍላት። በየካርዱ አንድ ተግባር ብቻ ይጻፍ፦ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላት። ማንበብ ለማይችል ሥዕል ይሣልለት። ቀጥሎ «ቡናው በደንብ ተቆልቷልን?» የሚል የጥያቄ ካርድ ይጨመርና ከእርሱ ሁለት ክሮች ይውጡ። «አልተቆላም» የሚለው ክር ወደ ምጣዱ ሲመለስ ትምህርቱ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባል።

ከዚያም ወደ ከባዱ ሥራ እንሻገር። ለአንድ የቲም የተለገሰ የደብተር ገንዘብ ሕፃኑ ዘንድ እስኪደርስ በማን በማን እጅ ያልፋል? ተቀባዩ፣ መዝጋቢው፣ ገንዘብ ያዡና አሳዳጊዋ እናት በአንድነት ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ካርድ ያስቀምጡ። በካርዶቹ መካከል ገንዘቡ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ እናቲቱም ስንት ጊዜ ደጅ እንደምትጠና ይጻፍ። መምህሩ ካርድ አይንካ፤ «ይህ ቢነሣ ምን ይጎድላል?» እያለ ይጠይቅ እንጂ።

ሆኖም የሚያዘገይ ሁሉ ትርፍ አይደለም። የሱረቱ ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ ለየቲሞች ገንዘባቸው ሲመለስ ምስክር እንዲቆም ታዝዛለች። ስለዚህ የምስክሩ ካርድ ይቆያል፤ መነሣት ያለበት አማናን ሳይጠብቅ ቀን ብቻ የሚበላው ነው። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ከወር በኋላ የሚደርስ ደብተር ለሕፃኑ ያለፈውን ወር አይመልስለትምና።

አላህ አማናን በጊዜው ከሚያደርሱት ያድርገን።